ጆጉ የኧርል ነው ብለው ሸጡልኝ

የገዛሁት አሮጌ የወይን መቅጃ ጆግ እውነት የኧርል፣ ማለትም የእንግሊዝ መኳንንት፣ ነበረ ወይ የሚለውን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ የሆነውን ከሥር ከመሠረቱ ላጫውታችሁ። ጥያቄዬን ተከትሎ የሄደው የመልስ ክር እስከ ትናንት ማታ 38 መልስ ደርሷል። ግማሹ ስለ ጆጉ ነው። የቀረው ግማሽ የት የት እንደዞረ እናንተው ታያላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የምኖረው ለንደን ነው። እሁድ ጠዋት ካር ቡት መዞር ሱስ ሆኖብኛል። ሰው ከመኪናው ኋላ አውርዶ ሣር ላይ የዘረጋውን አሮጌ ዕቃ ሳገላብጥ እውላለሁ። ባለፈው ወር አንድ ጆግ ዓይኔ ገባ። ሆዱ ወፍራም ክሪስታል ነው፤ ዙሪያውን በጥልቀት ተቆርጦ ያብለጨልጫል። አንገቱ፣ እጀታውና ክዳኑ ብር ናቸው። አንገቱ ላይ ፊት ለፊት ትንሽ ዘውድ ተቀርጿል። ከዘውዱ በላይ ከወገቡ ወዲያ የሌለው አንበሳ ቆሟል። ክላሬት ጆግ ይባላል። ክላሬት እንግሊዞች ለፈረንሳዩ የቦርዶ ቀይ ወይን ያወጡለት ስም ነው።

ሻጩ ከጆጉ ጋር አንዲት የታጠፈች ወረቀት ሰጠኝ። በታይፕ የተጻፈች ናት። ጆጉ በ1841 ለንደን ውስጥ እንደተሠራ፣ ለአንድ ኧርል የሠርግ ስጦታ እንደነበረ፣ እስከ ቅርብ ጊዜም ከዚያ ቤት ወጥቶ እንደማያውቅ ትናገራለች። የኧርሉ ስም ግን የለም። 160 ፓውንድ ከፈልኩ። በአውቶቡስ እንደ ሕፃን ታቅፌው ገባሁ።

ማታውኑ አራት ፎቶ ለጠፍኩ። የጠየቅኩት ወረቀቷ ያለችው እውነት ይሁን አይሁን ነበር። ሐቁን ልናገርና እኔ የፈለግኩት መልስ ሳይሆን ምርቃት ነበር።

1ኛው መልስ የፈለግኩትን ሰጠኝ። ጆጉን አደነቀ፣ ዕድለኛነቴን ነገረኝ፣ በወይን ሳይሆን በጠጅ እንዳስመርቀው መከረኝ። ይቺ የጠጅ ነገር በኋላ ጣጣ ታመጣለች።

2ኛዋ ጠንቃቃ ናት። ብሩ የምር ብር መሆኑን በምን እንዳወቅኩ ጠየቀች፤ በትሕትና ነው የጠየቀችው። በርሚንግሃም የነበረው የኤልኪንግተን ቤት በ1840 ብርን በኤሌክትሪክ የመቀባቱን ዘዴ ፓተንት አውጥቶበታል። ከዚያ ወዲህ ላዩ ብቻ ብር የሆነ ዕቃ አገሩን ሞላው። ቅብ ሠሪዎቹም በትንንሽ ጋሻ ቅርጽ ውስጥ ፊደል እየመቱ የእውነተኛውን ብር ማኅተም ያስመስሉ እንደነበር ጨመረች። ስለዚህ ማኅተሙን አቅርቤ እንዳነሳው አዘዘችኝ።

አነሳሁት። አምስት ምልክት አለው። የሚራመድ አንበሳ፣ የነብር ፊት፣ የንግሥቲቱ ራስ፣ ኤፍ የምትባለው ፊደል፣ የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት።

3ኛዋ ሆቴል ቤት ለዓመታት ብር ስትወለውል የኖረች እህት ናት። ልክ እንደ አስተማሪ አንድ በአንድ አስረዳችን። አንበሳው ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ለመሆኑ ምስክር ነው፤ ከ1544 ጀምሮ ሲመታ የኖረ ምልክት ነው። የነብሩ ፊት የለንደን ነው። በርሚንግሃም ቢሆን መልሕቅ፣ ሼፊልድ ቢሆን በዚያ ዘመን ዘውድ ይሆን ነበር። የንግሥቲቱ ራስ ደግሞ ለብሩ ቀረጥ መከፈሉን ያሳያል። ያ ቀረጥ በ1890 ቀርቷል። ቪክቶሪያ የነገሠችው በ1837 ነው። ስለዚህ ጆጉ በእነዚህ ሁለት ዓመቶች መካከል የተሠራ ነው። እግረ መንገዷን ብርን እንቁላል እንዳይነካው አስጠነቀቀች፤ ወዲያው ያጠቁረዋል። ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የምወደው የእሷን መልስ ነው።

4ኛው ፈጣን ሰው ነው። የትኛው ፊደል የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አወጣ፣ ኤፍን ፈለገ፣ 1841 አገኘ፣ ወረቀቷ እውነት መሆኗን አወጀ። ደስታዬ ለ40 ደቂቃ ያህል ቆየ።

ከዚያ 5ኛው መጣ። ይሄ ሰው ሰላምታ አያውቅም። 4ኛው ፊደሏን አይቶ አጻጻፏን አለማየቱን፣ እንዲህ ያለ ሰው ባይመክር እንደሚሻል ጻፈ። ቀጥሎ የተናገረው ግን ልክ ነው። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ የዓመቱ ፊደል በየግንቦቱ ይቀየር ነበር። ከኤ ተነስቶ ዩ ላይ ይቆም ነበር፤ ጄ ይዘለል ነበር። 20 ፊደል፣ 20 ዓመት። ከዚያ እንደገና ከኤ ይጀመር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የአጻጻፉ ዓይነት ይለወጥ ነበር። የ1841 ኤፍ ጎቲክ የሚባለው፣ ጥልፍልፍ ያለው ትልቁ ፊደል ነው። የ1861ዱ ያው ጎቲክ ሆኖ ትንሹ ፊደል ነው። የ1881ዱ ግን እንደ ጋዜጣ ርዕስ ቀጥ ያለ ትልቅ ኤፍ ነው። የኔው ቀጥ ያለው ነው። በአንድ ጊዜ 40 ዓመት ተቀነሰብኝ።

6ኛው መልስ የ4ኛው ነው። ስሕተቱን አመነ። ግን እርማት ያለ ስድብም እንደሚቻል ለ5ኛው አስታወሰው። 5ኛው መልስ አልሰጠም።

7ኛው ነገሩን ለእኛ በሚገባ መንገድ አስቀመጠው። እኛስ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ እንል የለ? አንድ ሰው በዘመነ ሉቃስ መወለዱ ብቻ ዕድሜውን አይነግርም፤ ሉቃስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። የእንግሊዞቹ ፊደልም በየ20 ዓመቱ ይመለስ ነበር። ለእኔ ከሰንጠረዡ ይልቅ ይቺ ናት የገባችኝ።

8ኛው ወረቀቷን ትቶ ስለ ዕቃው ራሱ ጻፈ። ረጅም ነው፤ የወደድኩትን ብቻ ልንገራችሁ። እንግሊዝ ውስጥ በመስታወት ላይ ከባድ ቀረጥ ነበር። በ1845 ተነሳ። ከዚያ በኋላ እንደ ስቱርብሪጅ ያሉ የመስታወት ከተሞች እንደልባቸው ወፍራም ክሪስታል መሥራትና መቁረጥ ቻሉ። በ1860 ደግሞ እንግሊዝና ፈረንሳይ የንግድ ውል ተዋዋሉና የፈረንሳይ ወይን ቀረጥ ቀነሰ። በማግሥቱ ዓመት ሱቆች ወይን በአንድ አንድ ጠርሙስ እንዲሸጡ ተፈቀደ። ድሮ የጌቶች ብቻ የነበረው ክላሬት የሐኪሙና የጠበቃው ማዕድ ላይ ወጣ። ወይኑ ደግሞ አተላ አለው። ከጠርሙሱ ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ቀዩ ቀለም በመስታወቱ በኩል እንዲታይ፣ ብሩም እንዲያብረቀርቅ ጆጉ ተፈለሰፈ። ከ1870ዎቹ በኋላ በብዛት የተሠራውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የ8ኛው ሐሳብ ጆጌን ሌላ ጉዳት አደረሰበት። በ1881 እንዲህ ያለ ጆግ ለመግዛት ኧርል መሆን አያስፈልግም ነበር። ጥሩ ገቢ ያለው የጥርስ ሐኪምም ይገዛዋል።

9ኛው እና 10ኛው የጠጁን ነገር አነሱ። 9ኛው 1ኛውን ደግፎ ጠጅ በዚህ ጆግ ቢቀዳ እንደሚያምር ጻፈ። 10ኛው ተቆጣ። የጠጅ ክብሩ ብርሌ መሆኑን፣ ጠጅን በፈረንጅ ጆግ መቅዳት የአባቶችን ወግ ማቃለል እንደሆነ አሳሰበ። 9ኛው መልሶ፣ ብርሌ መጠጫ እንጂ መቅጃ አለመሆኑን፣ ጠጅ ቤትም የሚቀዳው በማንቆርቆሪያ እንደሆነ አስታወሰው። ይህ ጭቅጭቅ እስከ 14ኛው ድረስ በየመሀሉ ብቅ እያለ ቀጠለ።

11ኛው ክሩን ሳያነብ የጻፈ ነው። በ160 ብር እንዲህ ያለ ዕቃ የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ጆጉ ብር፣ ገንዘባችንም ብር፤ አልፈርድበትም።

12ኛዋ የዘውዱን ፎቶ በደንብ እንድልክ ጠየቀች። ላክሁ። ዘውዱ ላይ ያሉትን ኳሶች ቆጠረቻቸው። የእንግሊዝ መኳንንት በማዕረግ ዘውዳቸው ይለያያሉ። ዱክ ቅጠል ብቻ አለው። ማርኲስ ቅጠልና ኳስ ያፈራርቃል። ኧርል ከፍ ባሉ ሹሎች ላይ ኳሶች፣ በመካከላቸውም ቅጠሎች አሉት፤ በሥዕል ላይ አምስት ኳስ ይታያል። ቫይካውንት ተርታውን የተደረደሩ ትንንሽ ኳሶች አሉት፤ ዘጠኝ ይታያሉ። ባሮን ስድስት አለው፤ የሚታዩት አራት ናቸው። የኔው ጆግ ላይ አራት ኳስ አለ፤ ቅጠል የሚባል የለም። ባሮን ማለት ነው። የማዕረጉ የመጨረሻ ደረጃ! ዓመቱ ተቀነሰ፣ ማዕረጉም ተቀነሰ።

13ኛዋ ይህን አንብባ ስለ አያቷ ጻፈች። አያቷ ማሪያ ቴሬዛ ብር ሲቀበሉ ዝም ብለው ኪሳቸው አይከቱም ነበር። የንግሥቲቱን ዘውድና የደረቷን ጌጥ ጨርቅ አሽተው፣ በላዩ ያሉትን ፍሬዎች በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ፍሬው ካልተለየ አይቀበሉም። ገበያው ሁሉ እንደዚያ ነበር። ያ ብር ምንጊዜም 1780 የሚል ዓመት ተመትቶበት ይወጣ ስለነበር ዓመቱ ምንም አይነግርም፤ ፍሬው ነው የሚታየው። አያቷ ጆጉን ይዘው ቢሆን ኖሮ ካር ቡቱ ላይ እንደቆሙ ይነቁበት ነበር። እኔም እንደዚያ ነው የማምነው።

14ኛው የጠጁን ጭቅጭቅ ለመዝጋት ይመስላል ወሬውን ወደ ቢራ ወሰደው። በ1880ዎቹ ባሮን መባል የግድ የጥንት ዘር መሆን እንዳልነበረ ጻፈ። የጊነሱ አርተር ጊነስ በ1880 ባሮን አርዲላውን ተባለ። ቢራ ጠማቂዎቹ ሄንሪ ኦልሶፕ እና ማይክል ባስ በ1886 ባሮን ሂንድሊፕ እና ባሮን በርተን ሆኑ። የጆጉ ባለቤትም በጌሾና በገብስ ከብሮ ወይን የጀመረ ሰው ሊሆን እንደሚችል ቀለደ። ጌሾ እንግሊዝ አገር እንደሌለ፣ እነሱ የሚጨምሩት ሆፕ እንደሆነ 15ኛው አረመው። እውነት ነው፤ ግን ቀልድ ሲታረም ቀልድነቱ ይሞታል።

16ኛው መልስ ላይ 5ኛው ሰውዬ ተመለሰ። አሁንም ሰላምታ የለውም። ግማሽ አንበሳ አርማ ያላቸው ቤተሰቦች ለቁጥር የሚያዳግቱ መሆናቸውን፣ በአርማ ብቻ ባለቤት መፈለግ በአንድ ቀዳማዊ ስም አዲስ አበባ ላይ ሰው እንደመፈለግ መሆኑን ጻፈ። ከዚያ አንድ ነገር አዘዘኝ። ብሩን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ አርማው ባለበት ቦታ ላይ እፍ ሳይሆን ሃ ብዬ እንድተነፍስበትና ጉሙ ሲጠፋ እንዳየው።

መስኮት ሥር ቆሜ ተነፈስኩበት። ለሁለት ሰከንድ ያህል በአርማው ዙሪያ አንድ ሞላላ ቅርጽ ታየና ጠፋ። ደግሜ ተነፈስኩ። ደግሞ ታየ። ፎቶው አልያዘልኝም፤ ግን ያየሁትን ጻፍኩ።

ከዚህ በኋላ ነው ክሩ የጦፈው። 17ኛው፣ ሞላላው ቅርጽ የድሮ አርማ ተፍቆ የጠፋበት መሆኑን፣ አሁን ያለው ዘውድ ዋጋ ለመጨመር በኋላ የተቀረጸ ማጭበርበሪያ እንደሆነ ደመደመ። 18ኛዋ ተቃወመች። እንግሊዞች ብር በሁለተኛ እጅ ሲገዙ የቀድሞውን ባለቤት አርማ አስፍቀው የራሳቸውን ማስቀረጽ የተለመደ ወግ ነበር። ያ ማጭበርበር አይደለም፤ ቤት ገዝቶ በሩን እንደ መቀባት ነው። 19ኛው ማስታረቂያ ይዞ መጣ። በ140 ዓመት ውስጥ ብዙ የተወለወለ ቅርጽ ጠርዙ ይለሰልሳል። ትናንት የተቀረጸ ግን ጣትን ይቧጭራል። ጣቴን አሳለፍኩበት። ይቧጭራል። ከጎኑ ያሉት የወይን ሐረግ ቅርጾች ግን እንደ ሳሙና ልስልስ ናቸው።

17ኛው ትክክለኛነቱ ስለተረጋገጠ ደስ አለው፤ 18ኛዋን ለማብሸቅም ሁለት መስመር ጨመረ። እሷም አላረፈችም። እንዲህ ያለውን ሰው ሻይ ላይ መጋበዝ ደስ አይልም።

20ኛው የተለየ ጥያቄ ይዞ ገባ። ጆጉ ከጌቶች ቤት ወጥቶ ካር ቡት ላይ እንዴት ሊወድቅ እንደቻለ ጠየቀ። 21ኛው የሰጠው መልስ ሰፊ ነው። ጌቶቹ ራሳቸው ናቸው የሸጡት። የዱክ ኦፍ በኪንግሃም ቤት፣ ስቶው፣ በ1848 ከስሮ ዕቃው ለ40 ቀን በጨረታ ተሸጠ። በ1870ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ እህል በመርከብ እየጎረፈ የእንግሊዝን የእህል ዋጋ ሰበረው። የመሬት ጌቶች ገቢ አብሮ ወደቀ። እስከ 1882 ድረስ ግን ብዙ ወራሽ የቤቱን ዕቃ እንዳይሸጥ በውርስ ውል የታሰረ ነበር። በዚያ ዓመት ሕጉ ላላ። በዚያው በጋ የሃሚልተን ቤተ መንግሥት ዕቃ በክሪስቲስ ጨረታ ቤት ለ17 ቀን ተሸጦ 397,562 ፓውንድ አወጣ። በ1894 የውርስ ግብር ተጨመረና ሌሎቹም ተከተሉ። ስለዚህ የጌታ ዕቃ ገበያ መውጣቱ አያስገርምም። ነገር ግን እነዚያ ጨረታዎች የታተመ ዝርዝር አላቸው፤ እያንዳንዱ ዕቃ ቁጥር አለው። የቤት ዕቃ ቆጠራ መዝገብ አለ፣ ደብዳቤ አለ፣ ደረሰኝ አለ። የዕቃ የዘር ሐረግ ማለት ያ ነው። ስም የሌለው ኧርል በታይፕ ተጽፎ መምጣቱ ምንም ማለት አይደለም።

ይህን ሳነብ ወረቀቷን እንደገና አወጣኋት። ስም የላት፣ ቦታ የላት፣ ቀን የላት፣ ፊርማ የላት። 160 ፓውንድ ስከፍል ይህን ሁሉ አላየሁም።

22ኛው ግን በሁላችንም ላይ ተነሳ። የእኛ ዘውድና ጽዋ እዚያው ለንደን በመስታወት ውስጥ ተቆልፎ ሳለ፣ ለእንግሊዝ ባሮን የወይን ጆግ 21 መልስ መጻፋችን እንደሚያሳፍር ጻፈ። ጠንከር ያለ ነው። ጥቂት ሰው ተከፋ። እኔ አልተከፋሁም፤ ለሁለት ቀን ግን ምንም አልጻፍኩም።

23ኛው 22ኛውን ደግፎ፣ የመቅደላ ዝርፊያ ለንደን ላይ በጨረታ እንደተሸጠ ጻፈ። 24ኛዋ አረመችው። የመጀመሪያው ጨረታ የተካሄደው እዚያው አገራችን፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ነው፤ በሚያዝያ 1868፣ ቴዎድሮስ ከሞቱ ከሳምንት በኋላ። ዕቃውን እዚያ ለማድረስ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ አስፈልጓል። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምስ ገንዘብ ይዞ እዚያው ሲጫረት ነበር። ሙዚየም ከወታደር ጋር አብሮ ዘመተ ማለት ነው።

25ኛው በቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ስላለው የወርቅ ጽዋ ጻፈ። በጽዋው ላይ በግእዝ የተቀረጸ ጽሑፍ አለ። ዳግማዊ ኢያሱና እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ለሚገኘው ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት ይናገራል። ሰጪው ማን፣ ተቀባዩ ማን፣ በዕቃው በራሱ ላይ ተጽፏል። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የዘር ሐረግ የት ይገኛል? ለእኔ ጆግ አንድ ስም ጠፍቶ፣ ለዚያ ጽዋ ግን ሁሉ ነገር ተጽፎለት፣ ሁለቱም አንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ይቺ ነገር እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

26ኛው በ2021 እንግሊዝ አገር ዶርሴት ውስጥ ለጨረታ ቀርበው የነበሩትን የመቅደላ ዕቃዎች አስታወሰ። አንድ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ነበሩ። ኢትዮጵያ ጠየቀች፤ ከጨረታው ወጡ፤ በዚያው ዓመት ተገዝተው ለኤምባሲያችን ተሰጡ። ድሮ ከመቅደላ መምጣቱ የዕቃን ዋጋ ያስጨምር ነበር፤ ዛሬ ሻጩን ያስደነግጠዋል የሚል ሐሳብ አከለ። 22ኛው ይህን ወደደው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ለዘብ ብሏል፤ እንዲያውም 31ኛው ላይ ስለ ብር ማጽጃ ጥሩ ምክር ሰጥቷል።

27ኛዋ፣ ያቺ የሆቴሏ እህት ናት፣ ወደ ጆጉ መለሰችን። አንገቱ ይነቃነቅ እንደሆነ ጠየቀች። ትንሽ ይነቃነቃል። የብሩ አንገት ከመስታወቱ ጋር የሚያያዘው በጄሶ እንደሆነ አስረዳች። ሙቅ ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ጄሶው ይሟሽሻል። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከገባማ አለቀለት። ለብ ባለ ውኃ ውስጡን ብቻ አለቅልቄ፣ ዘቅዝቄ ሳይሆን አቁሜ እንዳደርቀው መከረችኝ።

28ኛው ይህን ይዞ፣ መስታወቱ ራሱ ተሰብሮ በሌላ የተተካ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረ። እንዲህ ያለው ብዙ ነው፤ ብሩ ይተርፋል፣ መስታወቱ ይሰበራል። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንል የለ? እንግሊዞቹ ግን ብሩን አውልቀው አዲስ ሆድ ያሠሩለታል። 29ኛው የመቀመጫውን ሥር በማጉያ መነጽር እንዳየው አዘዘኝ። መቶ ዓመት ጠረጴዛ ላይ ሲነሳ ሲቀመጥ የኖረ መስታወት ሥሩ በየአቅጣጫው ተጭሮ ይደበዝዛል። በአሸዋ ወረቀት የተሻሸ ከሆነ ጭረቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። የኔው በየአቅጣጫው ነው። 28ኛው ግን አልረካም፤ የተተካውም ቢሆን የቆየ ሊሆን ይችላል ባይ ነው። መልስ የለኝም።

30ኛው ወይን ጆጉ ውስጥ እንዳላሳድር አስጠነቀቀ። እንዲህ ያለ ክሪስታል እርሳስ አለበት፤ ሲቆይ ወደ ወይኑ ይገባል። ቀድቶ ወዲያው መጠጣት እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። 1ኛው ሰውዬ እዚህ ላይ ተመልሶ ጠጅስ የሚል ጥያቄ አቀረበ። 10ኛውም ወዲያው መጣ። ይለፈን።

34ኛዋ፣ ከ2ኛው መልስ በኋላ ጠፍታ የነበረችው ጠንቃቃዋ ናት። ይህን ሁሉ ስንጨቃጨቅ ክዳኑን ያየ ሰው አለመኖሩ ገርሟታል። ክዳን ለብቻው የሚሠራ ስለሆነ ለብቻው ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ክዳኑ ከሌላ ዕቃ የመጣ ከሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል። እውነቷን ነው፤ 33 መልስ ሙሉ ክዳኑን ከፍቶ ያየ የለም። እኔም ጭምር።

ከፈትኩት። ከውስጥ በኩል፣ ከማጠፊያው አጠገብ፣ ጥቁር እድፍ ሥር አንበሳው አለ። ያው የሠሪ ፊደላት አሉ። ያው ቀጥ ያለ ኤፍ አለ። አንገትና ክዳን አብረው የተወለዱ ናቸው። ፎቶውን ስለጥፍ 5ኛው ሰውዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ አውራ ጣት ሰጠኝ።

ትናንት ሌላ ወረቀት በእጄ ጻፍኩ። ለንደን፣ 1881፤ ብሩ እውነተኛ፣ ክዳኑ የራሱ፤ የባሮን ዘውድ በኋላ የተቀረጸ፤ ከሥሩ የተፋቀ አርማ አለ፤ መስታወቱ አከራካሪ፤ ስም የለም። አጥፌ ከአሮጌዋ ወረቀት ጋር አስቀመጥኳት። ፎቶዋንም ለጠፍኩ።

38ኛው መልስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጆጉን በ250 ፓውንድ ሊገዛኝ ይፈልጋል። የኧርሉን ወረቀት ጨምሬ ከሰጠሁት ማለት ነው። የእኔዋን እንዳልልክለት በትሕትና ጠይቋል።